ታስሮ የሚናገር ስልክ

አዳማ ውስጥ ባለ ቁልፍ ስልክ ከኪስ ሲወጣ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ላስቲኩ ነው፤ ስልኩ ተከትሎ ይመጣል። በብር ላስቲክ ያሰረ አለ፣ በፕላስተር የጠቀለለ አለ፣ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀለበት ቆርጦ ያጠለቀለት አለ። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፤ የክዳኑ መያዣ ረግፏል፣ ባትሪው ላልቷል፣ ስልኩ በወደቀ ቁጥር ሦስት ቦታ ይበተናል። ይህን አይቶ ምላሱን የማያሾል ሰው ደግሞ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ አይገኝም። ባለ ላስቲኩ እስከ ዛሬ እየተተረበ አብሮ ሲስቅ ኖሯል። ዛሬ ግን ጠበቃ ቆሞለታል፤ ጠበቃው እኔ ነኝ። ተረበኛ በየተራህ ቅረብ፣ አትጋፋ።

«ስልክህ ምን አጥፍቶ ታሰረ?»

ሊያመልጥ ሲል ተይዞ። አንተ ዘንድ ስልኩ ነፃ ነው፣ እስረኛው አንተ ነህ። ካፌ ስትገባ አስተናጋጇን ከማየትህ በፊት ሶኬቱን ታያለህ። ሰው ነፋሻ ቦታ ሲመርጥ አንተ ግድግዳ ትመርጣለህ። የቻርጀሩ ገመድ ካጠረማ ማኪያቶህን የምትጠጣው ተንበርክከህ ነው። የእኔ ታሳሪ ሰኞ በልቶ እስከ ሐሙስ ይናገራል፤ ያንተ ነፃ ሰው ከቁርስ እስከ ምሳ አይደርስም።

«ላስቲኩንስ ከየት አመጣኸው?»

ከብር ላይ። ብሩ ሲያልቅ ላስቲኩ ሥራ ፈት እንዳይሆን ስልክ ጠባቂ አድርጌ ቀጠርኩት። አንተም ላስቲክ ነበረህ፤ የታሰረውን ብር ለስክሪን ከፍለህ ስትወጣ ላስቲኩን እዚያው ረሳኸው።

«ትናንት መናኸሪያው በር ላይ ሦስት ቦታ ሲበተን አይቼዋለሁ!»

ካየህ ክዳኑን ብታቀብለኝ ምን ነበረበት? ቀፎው እዚህ፣ ባትሪው እዚያ፣ ክዳኑ ባጃጅ ሥር። ለቃቅሜ፣ እፍ ብዬ፣ ገጥሜ፣ ያቋረጥኩትን ወሬ ቀጠልኩ። ያንተ ሲወድቅ አልተበተነም፣ እውነት ነው። ፊቱ ግን የአዋሽ ገባሮችን ካርታ መስሎ ተነሣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፌስቡክ የምታነበው በስንጥቅ መሀል እየተሹለከለክ ነው።

ነገሩ ለሳቅ ብቻ እንዳይመስልህ። ዕቃ ሲወድቅ ይዞት የመጣው ጉልበት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የእኔ ስልክ ሲበተን ክዳኑና ባትሪው ከጉልበቱ ድርሻ ድርሻቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ ለቀፎው የሚተርፈው ያንሳል። ያንተ የታሸገ ስለሆነ የሚሸሽ የለውም፤ መጋፈጥ ነው፣ የሚጋፈጠው ደግሞ መስታወቱ ነው።

«እንዲህ ከሆነማ መበተኑ ጥቅም ነው፤ ታዲያ ለምን ታስረዋለህ?»

ጎሽ! ዛሬ አንድ የሚያስብ ተረበኛ ተገኘ። የማስረው ከትልቁ ውድቀት ይልቅ ትንሹን ንዝረት ፈርቼ ነው። ባትሪው ጫፍ ላይ ቢጫ ቢጫ ነጥቦች አሉ፤ ከቀፎው የሚወጡ ቀጫጭን ስፕሪንጎች እነሱን ተደግፈው ነው መብራት የሚያገኙት። ባጃጁ ኮብልስቶን ላይ ሲንዘፈዘፍ የላላው ባትሪ ፈቀቅ ካለ ለቅጽበት ይላቀቃሉ። ቅጽበቷ ትበቃለች፤ ስልኩ ድርግም ይላል። በዚያች ቅጽበት እያነጋገሩህ የነበሩት አማትህ ከሆኑ፣ ጆሯቸው ላይ ዘጋህባቸው ማለት ነው። «እማማ፣ ኮብልስቶኑ ነው» ብለህ አስረዳ እስቲ።

«እሺ ጠበቃው፣ ስንት ሰዓት ነው?»

ከመውደቁ በፊት ወይስ በኋላ? አንዳንዱ ስልክ ባትሪው ሲወልቅ ሰዓቱንም ቀኑንም ይረሳል፤ ሲነሣ ድሮ ሄዶ ይቆማል። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት እንዘገያለን፤ የእኔ ስልክ በወደቀ ቁጥር ከእኛም ይዘገያል። ግን ምን ጎዳኝ? እሱ ባለበት ዓመት ሽንኩርት ርካሽ ነበር።

ሽንኩርት ካነሣን መቂ ደርሰን እንመለስ። እዚያ አንድ ባለ ትልቅ ስክሪን ደላላ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ነጋዴ ሴት ያገኛል። ስልካቸው በመቀነት ክር ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። «እትዬ፣ ይሄን ስልክ ሙዚየም ያስገቡት እንጂ!» ይላቸዋል። እሳቸው ሚዛኑን ሳይለቁ፦ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ትናንት የነገርከኝን ዋጋ አስገባልኝ፤ ከስልኬ እሱ ቀድሞ አርጅቷል።» ደላላው እስካሁን መልስ እየፈለገ ነው፤ ጉግል አድርጎም አላገኘም።

«ይሄ እኮ ተራ የቻይና ስልክ ነው!»

የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገራችን ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ስለዚህ የእኔ ቴክኖ አዲስ አበባ ተገጠመ፣ አዳማ ተበተነ፣ ባቱ ላይ ክዳኑ ጠፋ፣ ሻሸመኔ ላይ በሌላ ስልክ ክዳን ዳነ። ካንተ የበለጠ አገር አይቷል። አንተ ፈጣን መንገዱን ይዘህ አዲስ አበባ ደርሰህ ስትመለስ «ከአገር ወጥቼ ነበር» የምትል ሰው ነህ።

«136 የነፋስ ተርባይን ከከተማህ አፍንጫ ሥር እየዞረ፣ አንተ ‹ባትሪ ዘጋብኝ› ትላለህ?»

ቆጥረህ መጣህ፣ ጎበዝ! አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ግን ወዳጄ፣ ከነፋሱ የሚመነጨው መብራት የሚገባው ብሔራዊው ቋት ውስጥ ነው። ኪሴ የሚገባው አቧራው ነው። አቧራውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እነዚያ ቢጫ ነጥቦች ላይ አልጋ አንጥፎ ይተኛል። «ባትሪዬ ሞተ» ብሎ ከሚያለቅሰው ስንቱ ነው ባትሪው ደኅና ሆኖ ፊቱን ያልታጠበ!

«ብደውል ብደውል አይሠራም። ደግሞ ባትሪው ወልቆ ነበር በለኝ!»

ይህን የሚለው የዕቁብ ዳኛ ከሆነ ጠበቃው ለጊዜው ይቀመጣል። ደንበኛዬ እዚህ ላይ ንጹሕ አይደለም። ስልክ በቁልፉ ሲጠፋ ኔትወርኩን ተሰናብቶ ነው የሚሄደው። ባትሪው በድንገት ሲመነገል ግን ሳይሰናበት ይሰወራል፤ ኔትወርኩም ገና ያለ መስሎት ይፈልገዋል። ይህን ጥበብ ያወቀ ባለዕዳ አዳማ ጭማቂ ቤት ተቀምጦ «ቡልቡላ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ኔትወርክ የለም» ይላል። አንተም ብዙ አትኩራ፣ ባለ ስማርት። ዕቁብ በሰዓቱ የምትጥለው ጨዋ ሆነህ አይደለም፤ ባትሪህ ስለማይወልቅ ነው።

«ከክዳኑ ሥር የጠቀጠቅከው ወረቀት ምንድን ነው? ደብዳቤ ነው?»

የሞባይል ካርድ ነው። ተፍቆ፣ ተሞልቶ፣ ሂሳቡ አልቆ፣ ወረቀቱ ገና በሥራ ላይ ያለ። ይህ ግን በዘፈቀደ አይጠቀጠቅም፤ ስለዚህ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ሲሠራ አብረን እንይ። ባትሪውን ያወጣና ነጥቦቹን በተማሪ ላጲስ ፈቅ ፈቅ ያደርጋቸዋል፤ ጥቁሩ ላጲሱ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ የተኙትን ስፕሪንጎች በመርፌ ጫፍ በስሱ ቀና ያደርጋል፤ ከበዛ ይሰበራሉና ትንፋሹን ይዞ ነው። ከዚያ ካርዱን ሁለት ሦስት አጥፎ ከነጥቦቹ በተቃራኒ ባለው ጫፍ፣ በባትሪውና በቀፎው ግድግዳ መሀል ይሸጉጠዋል። ወረቀቱ ባትሪውን ወደ ስፕሪንጎቹ ይገፋል። መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ክዳኑን ይይዛል። ተነቅንቆ ተሞከረ፣ መዳፍ ላይ ተመታ፣ አልጠፋም። ሒሳብ ስትጠይቀው ደግሞ «ለወረቀቱ ነው ለላስቲኩ?» ይልሃል።

«እኔ እኮ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ነው የከተትኩበት፤ ያብረቀርቃል።»

ቤትህም ያብረቀርቃል፣ ቆይ ጠብቅ! ብርማው ብረት ነው፤ መብራት ያስተላልፋል። ተንሸራቶ የባትሪውን አዎንታዊና አሉታዊ ነጥብ ካገናኘ ባትሪው መጋል ይጀምራል። ሱሪህ ኪስ ውስጥ የሚጋል ነገር ደግሞ የት ድረስ እንደሚያሯሩጥህ አንተው ታውቃለህ። ካርድ ግዛ፣ ቆጣቢው! ወረቀቱ ከነወሬው ይመጣልሃል።

«ባትሪዬ ወፍሮ ክዳኑ አልዘጋ ብሎኛል፤ ሁለት ላስቲክ ጨመርኩበት።»

እዚህ ላይ ጠበቃው ካባውን አውልቆ ዓቃቤ ሕግ ይሆናል። ባትሪ አይወፍርም፤ ያብጣል። በእርጅና፣ በማይረባ ቻርጀር ወይም በሙቀት ውስጡ ጋዝ ሲፈጠር ነው። አንተ ደግሞ ስልክህን ቀኑን ሙሉ ባጃጅህ መስታወት ሥር የመተሐራ ፀሐይ ላይ አስጥተህ «ምነው አበጠ?» ትላለህ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ በጣትህ ዙር በለው። ጤነኛው ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ ያበጠው ሆዱ ላይ ይሽከረከራል። የሚሽከረከር ባትሪ አይታሰርም፣ አይጨመቅም፣ አይበሳም፣ ቻርጅም አይደረግም። ይሰናበታል። ላስቲክ ለላላ እንጂ ላበጠ አይደለም፤ አንተ ያበጠ ነገር በጉልበት ዘግተህ ላዩ ላይ ተኝተሃል።

«አየህ! የእናንተ ባትሪ ነው የሚፈነዳው።»

ደስ አይበልህ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ኖኪያ ቢኤል-5ሲ ከሚባለው ባትሪው 46 ሚሊዮን ያህሉ ቻርጅ ሲደረግ ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። መፍትሔው ምን ነበር? ባለቤቱ ክዳኑን ከፈተ፣ አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን በነፃ ከተተ፣ በዚያው ስልክ «ሃሎ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ተራው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ሆነ። እሱ የታሸገ ስለነበር ሰው ባትሪውን ሳይሆን ስልኩን ከነነፍሱ መለሰ፤ በመጨረሻም ስልኩ ከገበያ ወጣ። የእኛው ሲታመም አንድ አካሉ ይቀየራል፤ የእናንተው ሲታመም ቀብር ነው።

«ዘመናዊው ዓለም ግን የሚነቀል ባትሪ ትቷል።»

ዜና አልሰማህም? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የባትሪ ሕግ አውጥቷል። ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ባትሪ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚተካው እንዲሆን ያዛል። ብራስልስ ዞራ ዞራ መቂ ሽንኩርት ተራ ደረሰች ማለት ነው። እትዬ የመቀነቱን ክር ብቻ ይላኩላት።

«ስልኬ ዝዋይ ሐይቅ ጀልባ ላይ ውሃ ገባበት፤ ሩዝ ውስጥ ከተትኩት።»

ሩዙ በዓሣ ወጥ ያምር ነበር፣ ምን ያደርጋል! የእኔ ውሃ ሲነካው ወዲያው ባትሪው ይወጣል፤ ውሃውና መብራቱ ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተራግፎ፣ ጥላ ሥር ነፋስ ይመታዋል። የአዳማ ነፋስ የሚጠቅምበት ቀን ይህ ነው፤ ከቋቱ የተረፈው ይበቃል።

«ላስቲክ ግን አያዛልቅም፣ አቦ።»

ምን ያዛልቃል? አንተ የቆምክበት ስምጥ ሸለቆ ራሱ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተከፈተ ነው። ምድሪቱ ክዳኗ ለቆ ሳለ ፎቅ ይሠራባታል፣ ፈጣን መንገድ ይዘረጋባታል፣ ሰርግ ይደገስባታል። ለእሷ ያልተነፈስክ፣ ለእኔ ስልክ መሐንዲስ ሆንክ።

«ይህን ሁሉ ከምትለፋ ለምን አዲስ አትገዛም?»

በወደቀ ቁጥር የሚቀየር ቢሆን ኖሮ፣ አንተን ቤተሰብህ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ስንቴ ቀይሮህ ነበር!