ጸጋ በሊሴ ፓሴ

ሹመይሲ ከመካ በስተምዕራብ፣ በጅዳ መንገድ ላይ የሚገኝ ስፍራ ነው። የጥንት ስሙ ሁደይቢያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ628 ነቢዩ መሐመድና የመካ ቁረይሾች የታወቀውን የሰላም ውል የተዋዋሉበት ነው። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ስሙን የሚያነሡት ለታሪኩ ብለው አይደለም። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላቸው ሰዎች ወደ አገራቸው እስኪመለሱ የሚታጎሩበት እስር ቤት እዚያ ነው። በአገር ቤት ሰንበቴዎች ደግሞ ሹመይሲ ሌላ አገልግሎት ተገኝቶለታል፤ የኃጢአት ሚዛን ሆኗል።

ሚዛኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከጅዳ ስልክ ይደወልና «እገሊት ተያዘች» ይባላል። መዛኞቹ ደኅና ናት ወይ፣ ምግብ አገኘች ወይ ብለው አይጠይቁም፤ «ምን አድርጋ ይሆን?» ይላሉ። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ስሟን ቀይራለች፣ ማተቧን ፈታለች፣ ጾም ገድፋለች፣ ገንዘብ ወዳለች፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ቀጣት። ዘዴው እጅግ የሚደነቅ ነው። ምስክር አይጠራም፣ ተከሳሽ አትሰማም፤ አቦል ላይ የተከፈተው ችሎት ቶና ሳይቀዳ ይዘጋል።

ከኃጢአቶቹ መካከል ዋናው ስም መቀየር ነው። ወለተ ማርያምን በፓስፖርት ዘይነብ ያደረጋት ደላላ ነው፤ ደላላው ግን ሚዛን ላይ አይወጣም፣ በሠርግ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነውና። ሁለተኛው ሁሩብ ነው። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ደመወዟን የተነፈገች ወይም የተደበደበች ሠራተኛ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች፣ አሠሪዋ «ጠፋች» ብሎ ያስመዘግባትና ሕጋዊነቷን ልታጣ ትችላለች። መዛኞቹ ይህን «ትዕግሥት ማጣት» በሚለው ሥር መድበውታል።

ሚዛኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተቸግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በጅዳ በአንድ መኖሪያ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ክሱ የማይዛመዱ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ላይ መገኘታቸው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ወደ አገራቸው ተባረሩ። መታሰር የኃጢአት ደመወዝ ከሆነ እነዚህ የታሰሩት ስለጸለዩ ነውና ጸሎት ኃጢአት ሊሆን ነው። ለዚህም መላ ተገኘ፤ የእነርሱ ፈተና ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጸንቷል፤ የገዛ ልጅ ስትታሰር ፈተና፣ የጎረቤት ልጅ ስትታሰር ቅጣት።

እስር ቅጣት ከሆነ መፈታት ጸጋ መሆኑ ግድ ነው። ስለዚህ የጸጋን አወራረድ በቅደም ተከተል ማጥናት ያስፈልጋል። ጸጋ የሚጀምረው ፓስፖርት ለሌለው ሰው ሊሴ ፓሴ ከሚሰጠው ቆንስላ ነው። የቆንስላው ሠራተኛ የንስሐ አባት ነው፤ ስም፣ ወረዳና ቀበሌ ይጠይቃል። ቀበሌዋን የዘነጋች ሴት ኑዛዜዋ ጎደሎ ነውና ለሌላ ቀን ትቀጠራለች። ቀጥሎ አሻራ ይነሣል፤ ይህ ኃጢአቱን ይቅር የሚል፣ ተመልሶ መግባትን ግን የሚከለክል ረቂቅ ፍትሐት ነው። ከዚያ አውሮፕላን ይመጣል። ጸጋ በወንበር ቁጥር ልክ ይወርዳል፤ የመጨረሻውን ወንበር ያገኘችው ጸደቀች፣ ከኋላዋ የቆመችው ኃጥእ ሆና ወደ እስር ቤቱ አዳራሽ ተመለሰች። ስለዚህ ካህናቱ ከስንክሳሩ ጎን የበረራ ፕሮግራም ቢይዙ ይመከራል፤ ማክሰኞ በረራ ከሌለ ማክሰኞ ንስሐ መግባት ትርፉ ድካም ነው። ጸጋ ቀነ ገደብም አለው፤ ሳዑዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ያወጀችው ምሕረት 90 ቀን ነበር፣ ኋላም ተራዝሟል። ዕቅድም ይወጣለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የሳዑዲና የኢትዮጵያ መንግሥታት ከ100,000 በላይ ሰው ለመመለስ ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የቀደመው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ሲጀመር፣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በሚዛኑ መሠረት ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሳምንት ተመካክሮ ኃጢአት ሠርቷል ማለት ነው፤ የሠራበት ቀንም የሳዑዲ መንግሥት ካወጣው ቀነ ገደብ ጋር በተአምር ገጥሟል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ በረራው ሲታገድ ጸጋም ታገደ። በሳዑዲ እስር ቤቶች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ለወራት ተጨናንቀው ቆዩ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት የሕክምና እጦቱን፣ ሙቀቱንና በእስር ቤቶቹ ያለፈውን ሕይወት መዝግቧል። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ኃጢአታቸው አይደለም። ኢቃማ የሌለው ሰው የጎደለው ወረቀት ነው፣ ጽድቅ አይደለም። የታሰረን ሰው መጠየቅ ክርስቲያን ሁሉ የታዘዘው ነገር ነው፤ የታሰረበትን ኃጢአት ይፈልግ ዘንድ ያዘዘው ግን የለም።

ወደ ሚዛኑ ስንመለስ፣ እስካሁን ያልተመዘነ አንድ ነገር ቀርቷል። እርሱም ሪያሉ ነው። ልጅቷ በሠራችባቸው ዓመታት ሐዋላ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ የላኪ ስም በሚለው ቦታ ላይ «ዘይነብ» ተጽፎ። ተቀባዩ ባንክ ቤት ሄዶ «ላኪዎ ማን ናት?» ሲባል፣ ሳይሸማቀቅ «ዘይነብ» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ወንድም ይዳራል፤ ከተረፈውም ለታቦቱ የተሳለችው ጃን ጥላ ይገዛል። ስለቱ ሲገባ ካህኑ የሚጠራው የክርስትና ስሟን ነው፤ መዛኞቹም እልል ይላሉ። ስሟ ኃጢአት የሚሆነው ሐዋላው ሲቆም ነው።

ሹመይሲ ቆይታ በሊሴ ፓሴ ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ቦሌ ስትወርድ ወለተ ማርያምነቷን ሳትጠይቅ ታገኛለች፤ እንደ ቀድሞው አማች የሚላት ግን ታጣለች። ጃን ጥላው በየንግሡ ይዘረጋል። ፀሐይ ሲበረታ ከሥሩ ተጠግቶ ስለ እርሷ ኃጢአት የሚያወራ አይታጣም።