የባዕድ አገር አማች

ከአምበር ብቻውን ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ጎልማሳ በባዕድ አገር አግብቶ፣ ወልዶ መቅረቱ በተሰማ ጊዜ፣ በሰንበቴው ጠላ ዙሪያ የሚቀመጡ አበው «ከብቸና እስከ ሞጣ ሴት ጠፍታ ነውን?» እያሉ እንደ ጉባኤ ኒቅያ ክርክር ይገጥማሉ፤ እነዚሁ አበው ግን፣ ቅኔ ሊቈጥር አኰፋዳውን አንግቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የመጣውን የሩቅ አገር ተማሪ፣ ልጃቸውን ድረው፣ ጥማድ በሬ ሰጥተው ያስቀሩ ናቸው፤ እናቱ በወዲያ ምን እንዳለች የጠየቀ የለም።

ብልሃቱ ከነገሥታት የተወረሰ ነው። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1487 የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ ከባልንጀራው በኤደን ተለይቶ፣ ህንድን ዞሮ፣ ከዐፄ እስክንድር ዘንድ ብቻውን ቢደርስ በክብር ተቀበሉት፤ መመለሻውን ግን ዐፄ ናዖድም ዐፄ ልብነ ድንግልም ስለ ከለከሉት፣ በአገሩ ሚስት እያለችው ርስትና ሌላ ሚስት ተጨምሮለት ወልዶ ከበደ። በ1520 የመጣው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ይህ ሰው 33 ዓመት ሙሉ ንስሓ ያልገባው፣ የዚህ አገር ካህናት የንስሓ ምስጢር አይጠብቁም ብሎ ነው፤ ሁለት ሚስት ላለው ሰው ጥንቃቄው የሚነቀፍ አይደለም።