ገና በሐምሌ፣ ምሳ በሪጋ

የሪጋ ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠያይቀው «እውነተኛውን» የላትቪያ ምግብ ነው። እውነተኛ ለመባል ደግሞ በእሱ ቤት መስፈርት አለው፦ ምናሌው በአራት ቋንቋ መጻፍ፣ አስተናጋጇ ጥልፍ ቀሚስ መልበስ፣ ግድግዳው ላይ የገበሬ ዕቃ መሰቀል ይኖርበታል። በድሮዋ ሪጋ ጠባብ መንገዶች ይህን የሚያሟላ ቤት አይጠፋም። ገብቶ ይቀመጥና የአንድን ሕዝብ የዓመት በዓላት በአንድ ምሳ ያዛል።

መጀመሪያ ግራጫ አተር ይመጣለታል። ተዘፍዝፎ ያደረ አተር ተቀቅሎ፣ በሽንኩርትና በጭስ በደረቀ የአሳማ ጮማ የሚቀርብ፣ ላትቪያውያን ብሔራዊ ምግባችን የሚሉት ነው። ዋናው ቀኑ ግን ገና ነው። በዚያ ማታ ከሳህን ላይ አንዲት ፍሬ መትረፍ የለባትም፤ የተረፈች አተር በመጪው ዓመት የሚፈስ እንባ ናት ይባላል። የእኛ ጎብኚ በሐምሌ ፀሐይ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ግማሹን ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንባውን ማን እንደሚያለቅስለት እንጃ።

ቀጥሎ የያኒ አይብ ነው። ካራዌይ የሚሉት የአዝሙድ ዘመድ ጣል ጣል የተደረገበት ይህ ክብ አይብ በያኒ በዓል፣ ጁን 23 ማታ፣ ሰው እሳት አንድዶ፣ የቅጠል አክሊል ደፍቶ፣ እስኪነጋ እየዘፈነ ከቢራ ጋር የሚበላው ነው። ጎብኚው ብቻውን፣ ስልኩን እየነካካ ያላምጠዋል።

መዝጊያው የሪጋ ጥቁር ባልሳም ነው። አብርሃም ኩንዘ የተባለ የሪጋ መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1752 ካዘጋጀው ውህድ የመጣ፣ 24 ዓይነት ነገር የገባበት፣ በሸክላ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ የሆነ መራራ መጠጥ ነው። የአገሩ ሰው በብርድ ወራት በትኩስ የጥቁር ከረንት ጭማቂ እያቀጠነ ይጠጣዋል፤ ጎብኚው በአንድ ትንፋሽ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ነገር የቤቱ ሠራተኞች ለምደውታል።

አንድ ፈረንጅ አዲስ አበባ መጥቶ የፋሲካ ዶሮ፣ የመስቀል ክትፎና የአራስ ቤት ገንፎ በአንድ ቁጭታ አዝዞ «ኢትዮጵያውያን ምሳቸው ይህ ነው» ብሎ ለአገሩ ሰው ቢያወራ ምን እንለዋለን? የዋህ ነው ብለን እንስቅና ሒሳቡን እንቀበለዋለን። የሪጋ ባለ ምግብ ቤትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ላትቪያዊው ማክሰኞ ቀን ምን ይበላል? ስድስት ሰዓት ሲሆን ትሪ ይዞ ይሰለፋል። ሊዶን የመሰሉ ራስህን አስተናግድ ቤቶች ለዚህ የተሠሩ ናቸው፦ እያዩ ማንሳት፣ መጨረሻ ላይ መክፈል። ትሪው ላይ ካርቦናዴ ይቀመጣል፤ ተቀጥቅጦ፣ ዱቄትና እንቁላል ለብሶ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ከጎኑ ድንች፣ ራሶልስ የሚሉት በማዮኔዝ የተለወሰ ሰላጣ፣ ጥቁር ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ የፍራፍሬ ኮምፖት። እንስላል ያልተነሰነሰበትን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ይህን ትሪ ፎቶ የሚያነሳው የለም፤ አገሩ ግን የሚኖረው በእሱ ነው።

ከዕለት ምግቦች መካከል የካሜራ ዕድል የቀናው ቀዝቃዛው የቀይ ሥር ሾርባ ብቻ ነው። «ምን ቀለም ጨምረውበት ነው?» ይላል ጎብኚው። ቀለሙ ከቀይ ሥርና ኬፊር ከሚባለው እርጎ የሚመጣ ነው፤ ኪያርና የተቀቀለ እንቁላልም አለበት። ሃያ ጊዜ ፎቶ ካነሳው በኋላ «ትንሽ ይሞቅልኝ» የሚል አይጠፋም። ማዕከላዊው ገበያ ሲገባም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተከፈተው ገበያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ዜፔሊን አየር መርከቦች ይቆሙባቸው ከነበሩ መጋዘኖች የተሠራ በመሆኑ፣ ጎብኚው አንገቱ እስኪዝል ጣሪያውን ፎቶ ያነሳል፤ አፍንጫው ሥር ያለውን የተጨሰ ዓሣ ሳይቀምስ ይወጣል።

የእኛ አገር ተጓዥማ ሚጥሚጣውን በኪሱ ይዞ ነው የሚገባው። ምናሌው ላይ አተር የሚል ሲያይ «የጾም አላቸው!» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ጮማው ሲመጣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል። «እንግዲያው ዳቦ ይሻለኛል» ብሎ ፒራጊ ያነሳል፤ ሆዱ ውስጥ ያው ጮማ ተከትፎ ተቀምጧል። ከዚያ አገሩን ሁሉ ተቀይሞ ፒዛ ፍለጋ ይሄዳል። ቢጠይቅ ኖሮ ሔሪንግ የተባለውን ዓሣ ከአይብና ከተቀቀለ ድንች ጋር፣ ወይም በጎምዛዛ ክሬም የሚበላውን የድንች ቂጣ ያሳዩት ነበር። ከኩርዜሜ በኩል ደግሞ ድንችና ካሮት የተሞላ ክብ ኬክ፣ ስክላንድራውሲስ አለ። ለማጣጣሚያ የጥቁር ዳቦ ፍርፋሪ ከክሬምና ከማርማላታ ጋር ተደራርቦ ይቀርባል። በእርግጥ ለጾመኛ አገሩ ይከብዳል፤ ክሬሙ ያላረፈበት ነገር እስኪገኝ አርብ ያልፋል።

ስለዚህ በጋ ላይ የሄደ ትሪውን ያንሳ፣ ቀዝቃዛውን ሾርባ ከነቅዝቃዜው ይጠጣ። ግራጫ አተር ያማረው በዲሴምበር ይመለስ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ስትጠልቅና ውርጩ ጆሮውን ሲቆነጥጠው፣ አተርና ጮማን ማን እንዳገናኛቸው፣ 45 በመቶውንም ማን እንዳዘዘው አስረጂ ሳያስፈልገው ይገባዋል፤ ሳህኑንም ያለ ማንም ጉትጎታ ይጠርጋል።