«ከበዓል በኋላ» የተባለው ቀን የት ይገኛል?

በባሕረ ሐሳብ የተካኑ ሊቃውንት ስለ አበቅቴና ስለ መጥቅዕ፣ ስለ ጾሞች መግቢያና ስለ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ብዙ ጽፈዋል። በነቀምቴ ከባኬ ጃማ ጀምሮ፣ ከዚያም በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በየዕለቱ ስለሚጠራ አንድ ቀን ግን አንድ መስመር እንኳ አልተዉልንም። ቀኑ «ከበዓል በኋላ» ይባላል። ባለጉዳይ ፋይሉን ታቅፎ ሲመጣ የሚቀጠረው ለዚህ ቀን ነው፤ ግንበኛ መሠረት ሊጥል፣ ተበዳሪ ብድሩን ሊመልስ፣ የተጣሉ ወንድማማቾች ሽማግሌ ፊት ሊቀርቡ ቃል የሚገቡትም ለዚሁ ነው። የከተማው ሰው በአፋን ኦሮሞ «አያና ቦዳ» ሲለውም ቀጠሮው በአንድ ቀን አይቀርብም። በአገሪቱ ይህን ያህል ሥራ የተቀጠረበት ሌላ ቀን የለም፤ ሆኖም ግድግዳ ላይ በተሰቀለ በየትኛውም ካሌንደር አይገኝም። የዚህ ጥናት ዓላማ ቀኑን ፈልጎ ማግኘት ነው። የሚሟገትለትም ሐሳብ፣ «ከበዓል በኋላ» እንደሚታማው ሰበብ ሳይሆን ሕግ ያልሰጠውን እረፍት ሕዝቡ በአንደበቱ የሚያወራርድበት የሂሳብ ሥርዓት ነው የሚል ነው።

ለጀማሪ ተመራማሪ የሚቀልለው መንገድ መቀነስ ነው። መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት ይታወቃሉ፤ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 17 መስቀል፣ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ የካቲት 23 አድዋ፣ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ድል፣ ከዚያም ቀናቸው የሚቀያየረው ስቅለትና ፋሲካ፣ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ። እነዚህን ከ365 ቀንሶ «የቀረው ሁሉ ከበዓል በኋላ ነው» የሚል ሰው ሒሳብ ያውቃል፣ ቢሮ ግን ገብቶ አያውቅም። በዓል ብቻውን አይመጣም፤ ከፊቱ ዋዜማ፣ ከኋላው ማግስት፣ በዙሪያው ደግሞ ሰሞን አለው። ዋዜማና ማግስት አንዳንድ ቀን ናቸው ተብሎ ይታመናል። ሰሞን ግን ድንበሩ ያልተከለለ ግዛት ነው፤ ስፋቱ የሚወሰነው በጠያቂው ትዕግሥት ነው። ገናንና ጥምቀትን እንውሰድ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 12 ቀን ብቻ ስለሆነ የገና ሰሞን ሳይወጣ የጥምቀት ሰሞን ይገባል። ጥር 2 ቀን የመጣ ባለጉዳይ ከአንዱ በዓል በኋላ፣ ከሌላው በዓል በፊት ቆሟል፤ «ከበዓል በኋላ ብቅ ይበሉ» ቢባል የተነገረው ፍጹም እውነት ነው። ጥምቀት ሲያልፍ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ይከተላሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ለ55 ቀን «ጾሙ ይፈታና» የሚል ተለዋጭ ቃል ሥራውን ይረከባል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ከመስቀል እስከ ገና 102 ቀን አለ፤ በዚያ መካከል ከእስልምና በዓላት አንዱ ካልገባበት በቀር መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት ቀን የለም፤ ታዲያ የምንፈልገው ቀን እዚህ ውስጥ መገኘት አልነበረበትም ወይ? ተቃውሞው የካሌንደር እውቀት ያለበት ነው፣ የወለጋ እውቀት ግን ይጎድለዋል። መስከረም ሳያልቅ ኢሬቻ አለ። ኢሬቻ እንዳለፈ ቡና መቅላት ይጀምራል። የዓለም ገበያ የወለጋን ቡና «ለቀምት» ብሎ በነቀምቴ ስም የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጊምቢ አካባቢ እናቱ ወይም አማቱ ቡና ያላት ሠራተኛ በኅዳር ቅዳሜና እሑድን አገር ቤት ለቀማ ላይ ውሎ ሰኞ ቢሮ ሲገባ እጁ ይናገራል። ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን አለ። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ይውላል፤ ይህ ቢሮ የማይዘጋ፣ ኃላፊ ግን የሚወስድ በዓል ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል አለ፤ ቁልቢ ለነቀምቴ ሰው አዲስ አበባን አልፎ፣ ምሥራቁን አጋምሶ የሚገኝ አገር ስለሆነ ስለቱን አድርሶ ለሚመለስ ሰው የሚሰጠው ሰሞን ከሌላው ይሰፋል። ከሁሉም በላይ ግን ቃሉን በኅዳር የተናገረ ሠራተኛ የሚያስበው ገናን ነው። ስለዚህ 102ቱ ቀን በሁለት በዓላት መካከል የተገኘ ክፍት ቦታ ሳይሆን፣ በርዝመቱ አቻ ያልተገኘለት ዋዜማ ነው።

ሥርዓቱ በጉልህ የታየበት ወቅት ሚያዝያ 2016 ነው። ረቡዕ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነበር፤ ዓርብ 25 ስቅለት፤ እሑድ 27 ደግሞ ፋሲካና የአርበኞች ድል በአንድ ቀን ዋሉ። በሳምንቱ ሁለተኛ አጋማሽ በመዝገብ የሥራ ቀን ሆኖ የተገኘው ሐሙስ ብቻ ነው። ያ ሐሙስ ደግሞ ጸሎተ ሐሙስ፣ ጉልባን የሚበላበት፣ ምእመን በስግደት የሚውልበት ቀን ነበር። ፈረንሳዮች በሁለት በዓላት መካከል የተጋረጠች የሥራ ቀንን መዝለል «ድልድይ መሥራት» ይሉታል፤ ድልድያቸውን ግን አስቀድመው ለአለቃ አስታውቀው ይሠራሉ። እኛ ዘንድ ወንዙ ራሱ መኖሩ ስለማይታመን ድልድይ አላስፈለገም። ይልቅ የእሑዱ ነገር የበለጠ ትኩረት ይሻል። ሁለት ብሔራዊ በዓላት እርስ በርሳቸው ተደራረቡ፣ ሁለቱም አብረው በሳምንቱ የእረፍት ቀን ላይ ወደቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዓል በበዓል ወይም በእረፍት ቀን ላይ ሲውል የሠራ ሠራተኛ የአንዱን ክፍያ ብቻ ያገኛል ይላል፤ በእሑዱ ፈንታ ሰኞ ይዘጋ የሚል ልማድም የለንም። ሠራተኛው በአንድ እሑድ ሁለት በዓል ከሰረ ማለት ነው። ይህ ኪሳራ በየትኛው መዝገብ ተመለሰለት? የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አልጠየቁም። መልሱ «የፋሲካ ሰሞን» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

እንግሊዞች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውታል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ሥራ ባለሙያዎቻቸው እሑድ የጠጡትን ሰኞ ለመተኛት ሲሉ ሰኞን የቅዱስነት ማዕረግ ሰጥተው «ቅዱስ ሰኞ» ብለው ያከብሩት ነበር። በ1871 (እ.ኤ.አ.) ጆን ላቦክ የተባለ የፓርላማ አባልና ባለባንክ ባንኮች የሚዘጉባቸውን ቀኖች በሕግ ሲያስደነግግ፣ ሕዝቡ በዓላቱን «የቅዱስ ላቦክ ቀን» ብሎ ጠራቸው። በሃይማኖት ተሐድሶ ጊዜ ቅዱሳኑን ከካሌንደር ያሰናበተ አገር፣ ከሦስት መቶ ዓመት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ አንድ የሳምንት ቀንና አንድ ባለባንክ ለማክበር ተገደደ። እኛ ወር በገባ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም ያለን ሰዎች፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ እስከ ማክበር የሚያደርስ እጥረት ገጥሞን አያውቅም።

ነገሩ ሁሉ ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች በበዓል ቀን ወጥ ቤት አልገቡም። መስቀል በወለጋ ያለ አንጮቴ አይታሰብም፤ አንጮቴ ደግሞ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተከትክቶ በቅቤ እስኪታሽ የአንድ ሰው ክንድ ይበላል። ጩምቦው ተጋግሮ ቅቤና አይብ እስኪጠጣ፣ ዶሮው 12 ብልት ሆኖ እስኪወጣ፣ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ፣ ጠላው እስኪጣል የሚፈሰው ላብ በየትኛውም የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ቢመዘገብ የትርፍ ሰዓት ክፍያው መሥሪያ ቤቱን ያከስር ነበር። ወንዶቹም ቢሆኑ ቅርጫ አለባቸው። የቅርጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ታዛቢ ያለው፣ መዋጮ በወቅቱ የሚሰበስብ፣ በሬውን አወዳድሮ የሚገዛ፣ መደቡን እኩል አድርጎ በዕጣ የሚያከፋፍል አካል ነው፤ በአንዳንድ ቢሮ ዕቅዱን መቶ በመቶ የሚያሳካው ብቸኛ ኮሚቴ እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ በዓል ከዓመቱ ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ከሆነ፣ ሠራተኛው ከዚህ ሥራ የሚያርፈው የት ነው? ቢሮ ነው። በፋሲካ ማግስት ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ «እፎይ» የምትል ወይዘሮ ሥራ አልጀመረችም፤ እረፍቷን ጀመረች። «ከበዓል በኋላ» ብላ የቀጠረችው ባለጉዳይ በዚያን ቀን ሲመጣ ያገኛት ዕረፍት ላይ ነውና፣ ለሚቀጥለው በዓል ማግስት ብትቀጥረው ቃሏን አላጠፈችም። እዚህ ላይ ጥናቱ የቀኑን አድራሻ ያገኘ ይመስላል፤ ቀኑ አለ፣ ግን ተይዟል።

ሌላው ተቃውሞ ሃይማኖታዊ ነው። ወለጋ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን የበዙበት አገር ነው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ በ1904 (እ.ኤ.አ.) ነቀምቴ ከገባ ወዲህ፣ ለሚካኤልም ለገብርኤልም ሥራ የማይፈታ ብዙ ትጉህ ሕዝብ አለ። ታዲያ በዚህ ከተማ ቃሉ መዳከም አልነበረበትም? ተቃውሞው ፋይል እንዴት እንደሚጓዝ ይዘነጋል። አንድ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚፈርሙበት ሰዎች ከአንድ በላይ ናቸው። የመጀመሪያው ፈራሚ ጴንጤ ቢሆን ወሩን ሙሉ ዝግጁ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ለማርያም ደብር የሄደውን ሁለተኛ ፈራሚ ነው። ሁለተኛው ሲመለስ የመጀመሪያው ለመዘምራን ኮንፈረንስ ሄዷል። ሦስተኛው ሙስሊም ነው፤ ዒድ ደግሞ በጨረቃ ስለሚወሰን «ነገ ወይም ከነገ ወዲያ» የሚል ተጨማሪ ቀን ለሁሉም ያድላል። ፋይሉ የሦስቱንም ሃይማኖት በዓላት ያከብራል። በዚህ ረገድ ከፋይል የበለጠ ተቻችሎ የሚኖር ዜጋ አልተገኘም፤ ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ከ5:30 እስከ 7:30 በተራዘመው የምሳ ሰዓት ላይም ክርስቲያኑ ሠራተኛ ቅሬታ ማቅረቡ አልተሰማም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረቡ ንግግሮች ይኸንኑ ያጠናክራሉ። በወለጋ መሥሪያ ቤቶች ማንም ቀርቶ አያውቅም፤ ሁሉም ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ነው። «መስክ ወጥተዋል»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ለሥልጠና አዳማ ወርደዋል»፣ «አሁን እዚህ ነበሩ»። («አረፉ» የሚለው ቃል ለሌላ ጉዳይ ስለተያዘ በሕይወት ላለ ኃላፊ አይውልም።) እንግሊዝ ሳይሰናበት የሚጠፋን ሰው «የፈረንሳይ ፈቃድ ወሰደ» ይለዋል፤ ፈረንሳይ ደግሞ «እንደ እንግሊዝ ሾለከ» ይላል። ወለጋ ማንንም አገር አያማም፤ ጥፋቱን አዳማ ላይ ያሳርፋል፣ አዳማም እስካሁን አልተቀየመችም። «ለቅሶ ሄደዋል» ግን ከሁሉም ይጸናል። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ለሟች ዘመድ 3 የሥራ ቀን የሚፈቅደው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ዝምድና ብቻ ነው። የወለጋ ዝምድና ደግሞ ገና ሁለተኛው ላይ ይጀምራል፤ የዝምድናውን ደረጃ የሚጠይቅ የሰው ኃይል ባለሙያ ቢኖር፣ በሚቀጥለው የራሱ ለቅሶ ድንኳኑ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። የዓመት ፈቃዱም እንዲሁ ነው። አዋጁ ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። እንግሊዞች በእረፍቱ ቀን ያው የዘወትር ሥራውን ሲሠራ ስለሚውል ሰው «የአውቶቡስ ሾፌር እረፍት» የሚል አባባል አላቸው፤ ሾፌሩ ሲያርፍም በአውቶቡስ ይንሸራሸራልና። የነቀምቴው ሠራተኛ 16ቱን ቀን የቤቱን ካርታ ለማስጨረስ በሌላ ቢሮ ደጃፍ ይቆማል፤ እዚያም የእሱ አቻ የሆነ ባለሙያ በትሕትና «ወንድሜ፣ ከበዓል በኋላ ብቅ በል» ይለዋል። አይከፋም፤ ቃሉን ከውስጥ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተስፈኞች የሚመጣ ነው፤ ኮምፒውተር ገብቷልና ቃሉ በቅርቡ ይጠፋል ይላሉ። ማሽን ዋዜማ የለውም፣ ቅርጫ አይገባም፣ ለቅሶ አይደርስም። እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የገባበት ቢሮ ሁሉ «ሲስተም የለም» የሚል አዲስ አባባል ይዞ ገብቷል፤ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎም ያለ ማስተዋወቂያ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህን ንግግር እንደ በዓል ቢመረምሩት ከነባሮቹ የሚያንስበት ነገር ጥቂት ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም፣ ዋቄፈታውም በአንድነት ያከብሩታል፤ ቀኑን ለመወሰን ጨረቃም ሆነ አበቅቴ አያስፈልገውም፤ ሰሞኑም ከየትኛውም በዓል ሰሞን ይረዝማል። ጉድለቱ እስካሁን የራሱ ምግብ ያልተገኘለት መሆኑ ብቻ ነው።