ስለ ግንዱ ማንነት፦ በዓባይ መውጫ የተደረገ የኮንትራት ጀልባ ጥናት

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ስለ ዓባይ ብዙ ተጽፏል፤ ማደሪያ ስለ ማጣቱም ቢሆን የሚያዝንለት አላጣም። ግንዱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ከየት ተነሣ? ማን ጫነው? ሒሳቡንስ ማን ከፈለ? ይህን ክፍተት ለመሙላት አንድ ቅዳሜ ከባሕር ዳር ተነሥተን በኮንትራት ጀልባ ወደ ዓባይ መውጫ ወረድን።

አስቀድሞ ብያኔ። ኮንትራት ጀልባ ማለት ከማያውቁት ሰው ጋር ላለመሣፈር ሲባል ከሚያውቁት ሰው ጋር የሚጣሉበት ጀልባ ነው። ናሙናው ስድስት ጓደኛሞች ሲሆን፣ የሁለት ሰዓቱ ቀጠሮ አራት ሰዓት ላይ በአምስት ሰው ተሟላ። ስድስተኛው «መንገድ ላይ ነኝ» ብሏል፤ መንገዱ ከአልጋው እንደሚጀምር በኋላ ተረጋግጧል።

ከጀልባ ነጂው ጋር የነበረው ድርድር እንዲህ ነበር።

«ጋሼ፣ መጨረሻውን ይንገሩን።»

«መጨረሻው ይኸው ነው።»

«እሱማ መጀመሪያው ነው።»

ድርድሩ በቤንዚን ውድነት በኩል አልፎ፣ በጋሼ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ዞረ፤ ከመካከላችን አንዱ ተቆጥቶ ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ የሚጠራው ሲያጣ ራሱ ተመለሰ። የተስማማንበት ዋጋ ጋሼ መጀመሪያ የጠሩት ነው። «ጉማሬ ካየን» የሚል ሐረግ ግን አስገብተናል።

ከእኛ በፊት በዚህ ወንዝ የወረዱ አሉ። በ1968 እ.ኤ.አ. ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ ቡድን መርቶ መጥቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሰዎች ከምንጩ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ደርሰዋል። ሁለቱም ጉዞዎች ለንጽጽር አይመቹም፤ ስድስተኛ ሰው ሲጠብቁ ቆመው እንደነበር የሚያሳይ ነገር አላገኘንባቸውም።

የላይፍ ጃኬቱ ጉዳይ ለብቻው ሊጠና ይገባል። ጃኬቱ አራት፣ ሰው አምስት። በመጀመሪያ ማንም አልፈለገም፤ አንድ መጉደሉ ሲታወቅ ሁሉም ለሌላው ፈለገ። «በሞቴ ልበሰው!» «አንተ በሞቴ!» ከመስጠም የሚያድን ልብስ በሞት ሲለመን የሰማነው እዚህ ነው። ጉርሻ በሚመስል ትግል ጀልባው እየተወዛወዘ አራቱ በግድ ለበሱ። አምስተኛው መዋኘት የማይችለው ነው።

መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ ገመዱን ደጋግመው ሲስቡ፣ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ላይ እንጨት የጫነ ሰው እየቀዘፈ መጣ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለ፣ አልፎን ሄደ። እዚህ ላይ ተቀናቃኝ መላ ምት ተነሣ፦ ግንዱ ይህ ቢሆንስ? ሆኖም ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። መላ ምቱ ወደቀ።

መውጫው ስንደርስ ጉማሬ ፈለግን። ጉማሬና ድንጋይ በመልክ አይለያዩም፤ ልዩነቱ ስልክ ሲወጣ ጉማሬው ይጠልቃል፣ ድንጋዩ ይታገሣል። ባነሣናቸው ፎቶዎች ሁሉ የተገኘው ክብ እየሠራ የሚሰፋ ውሃ ነው። ጋሼ ለክፍያው ይበቃል አሉ፤ ክቡን የሠራው ጉማሬ ነውና። ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ አላገኘንም።

ከዚያ በታች የጨረጨራ በር አለ፤ ውሃው ተለክቶ ይለቀቃል፣ ጀልባ አይለቀቅም። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጢስ ዓባይ ይወርዳል፤ ኮንትራታችን ግን እስከ ፏፏቴው አልነበረም። ቆመን ስለ መጠማዘዙ ተወያየን። ወንዙ ከጣና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወጣል፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይዞራል፣ ከዚያ በምዕራብ ታጥፎ ወደ ሱዳን ይሄዳል። የጮቄ ተራራ ደግሞ መሐል ተቀምጦ ያየዋል። የሥነ ምድር ሰዎች ጮቄ የጥንት እሳተ ገሞራ ክምር ስለሆነ ውሃው ዳር ዳሩን ለመሄድ ተገደደ ይላሉ። እኛ ግን ነገሩ ሽኝት ነው እንላለን። በራችን ላይ ደህና እደሩ ይባላል፣ አጥር ላይ አዲስ ወሬ ይጀመራል፣ አስፋልቱ ላይ የታመመች አክስት ትታወሳለች፣ ታክሲው መጥቶ ያልፋል። ዓባይም ጎጃምን ተሰናብቶ ወጣ፣ ከዚያ ደጁን ሲዞር ዋለ። ሲሄድ አፈሩን መውሰዱን ግን ጨዋ እንግዳ አያደርገውም።

ስንመለስ ምሳ የት እንደሚበላ ውይይት ተጀመረ። አንዱ አምባዛ ጥብስ አለ፣ ሌላው ዓሣ ሰልችቶታል፣ ሦስተኛው «የፈለጋችሁት» ብሎ የተጠራውን ሁሉ ተቃወመ። ስድስተኛው ደውሎ ወደብ ደርሻለሁ፣ እንደገና እንውጣ አለ። ጀልባው በዚህ መሐል ቀስ እያለ በራሱ ይዞር ነበር፤ የሚሄድበትን የነገረው የለም። ጊዜው ምቹ ስለመሰለኝ የጥናቱን ዋና ጥያቄ አቀረብኩ።

«ጋሼ፣ ዓባይ ይዞት የሚዞረው ግንድ ምን ይሆን?»

ጋሼ አምስታችንን አንድ በአንድ አዩና ሞተሩን አስነሡ።