«መጣ» ሲሏቸው «ምን ሠርቶ?» አሉ

እ.ኤ.አ. በ1263 በባርሴሎና፣ በአራጎኑ ንጉሥ በቀዳማዊ ሃይሜ ፊት ሁለት ሰዎች ለክርክር ቆሙ። አንደኛው ፓብሎ ክርስቲያኒ ነው፤ አይሁዳዊ ተወልዶ ኋላ የተጠመቀ፣ የዶሚኒካን መነኩሴ። ሁለተኛው የሄሮናው ረቢ ሞሼ ቤን ናሕማን ናቸው፤ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሊቅ። መነኩሴው «መሲሑ መጥቷል፤ የገዛ ሊቃውንቶቻችሁ መጻሕፍት ይመሰክሩባችኋል» አለ። ረቢ ሞሼ ጥቅሱን በጥቅስ መለሱ። ከዚያ መጽሐፉን ትተው ወደ ውጭ፣ ወደ ዓለሙ አመለከቱ። ነቢያት መሲሑ ሲመጣ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ብለዋል፤ ከክርስቶስ ዘመን እስከ ዛሬ ግን ምድር ግፍና ዝርፊያ እንደሞላባት ናት አሉ። ወደ ንጉሡም ዞረው፣ ጦርነት መማር ቢቀር ለእርስዎና ለእነዚህ ባላባቶችዎ ምንኛ በከበደ ነበር የሚል ነገር ጨመሩ።

ሰይፍ በታጠቀ ቤተ መንግሥት መሃል ቆሞ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ንጉሡ ግን አልተቆጣም። ተሳስቶ ሳለ እንዲህ አሳምሮ የሚከራከር ሰው አላየሁም ብሎ 300 ዲናር እንደሸለማቸው ረቢው ራሳቸው ጽፈዋል። የተቆጡት መነኮሳቱ ናቸው። ረቢ ሞሼ ክርክሩን በጽሑፍ ሲያወጡት ከሰሷቸው፤ እሳቸውም በ1267 አገራቸውን ጥለው ምድረ እስራኤል ገቡ።

ይህን የምጽፈው ጾመ ነቢያትን የምጾም ክርስቲያን ሆኜ ነው። ነቢያት «ይወርዳል፣ ይወለዳል» ብለው የጾሙትን እኔ «ወርዷል፣ ተወልዷል» ብዬ እጾማለሁ። ስለዚህ የረቢው መልስ እኔንም ይወጋኛል። ቢወጋኝም እወደዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት፤ ፍጻሜው በዳግም ምጽአት ነው ትላለች፤ አምናለሁም። ነገር ግን መልስ አለኝ ብዬ ጥያቄውን ከጆሮዬ ላወጣው አልችልም። ማረሻው የት አለ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ነቢዩን ያቀለለ አይደለም። ነቢዩ ያለውን ቃል በቃል የያዘ ነው።

ብዙዎቻችን «አይሁድ መሲሑን አንቀበልም ያሉት ልባቸው ደንድኖ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ታሪኩን ጠጋ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ ከራሳቸው ወገን «መጣ» የሚል ሲነሳም ያው ራሳቸው አፋጠውታል። እንዲያውም የሰላ ምላሳቸውን ያወጡት እርስ በርስ ነው።

ሩቁን እንየው። እ.ኤ.አ. በ132 በሮም ላይ ያመፀውን ባር ኮክባን፣ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ረቢ አቂባ «ንጉሥ መሲሕ እሱ ነው» አሉት። ዮሐናን ቤን ቶርታ የሚባል ሌላ ሊቅ ግን ቃሉ መሬት ሳይነካ ተቀበላቸው፤ አቂባ፣ አንተ ሞተህ በጉንጭህ ላይ ሣር ይበቅላል፣ የዳዊት ልጅ ግን ገና አይመጣም አላቸው። በ135 አመፁ ተደመሰሰ። ሃድሪያን አይሁድ ኢየሩሳሌም እንዳይገቡ ከለከለ። አቂባንም ሮማውያን ገደሏቸው።

በ1960 የአርኪኦሎጂ ሊቁ ይጋኤል ያዲን በይሁዳ በረሃ ዋሻ ውስጥ የባር ኮክባን ደብዳቤዎች አገኘ። በአንዱ ላይ ሰውየው ለዳስ በዓል የሚሆን ዘንባባና ሎሚ መሰሉን ፍሬ፣ ኤትሮግን፣ ጭነው እንዲልኩለት ሁለት አህያ መላኩን ይገልጻል። ጦርነት ላይ ሆኖም በዓሉ እንዳያልፈው የሚጨነቅ የጦር አዛዥ ነው። በእነዚያ ደብዳቤዎች ራሱን የሚጠራው ስምዖን ብሎ ነው፤ መሲሕ ነኝ አላለም። መሲሕ ያለው ሌላ ሰው ነው። ቢሆንም አቂባን እስከ ዛሬ አይሁድ ሁሉ ያከብራቸዋል፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ሰው አስከፍለው ዳር የቆሙ አይደሉም፤ ዋጋውን በገዛ ሥጋቸው ከፍለዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሚዛኔ ይኸው ነው፤ «መጣ» ያለው ማን ነው? የከፈለውስ?

የታልሙድ ሊቃውንት ሚዛኑን ቀድመው ያውቁታል። ከመሲሑ በፊት የሚመጣውን መከራ እያሰቡ «ይምጣ፤ እኔ ግን አልየው» ያሉ አሉ፤ ይህን ያሉትም ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ዑላና ራባ ናቸው። ረቢ ዮሴፍ ደግሞ፣ ይምጣ፤ እኔም የአህያው ፋንድያ በሚጥለው ጥላ ሥር ልቀመጥ ብለው መለሱ። እንዲህ ያለ ንግግር ከቅዱስ መጽሐፍ ዳር አይደርስም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እነሱ ግን ፍርሃቱንም ናፍቆቱንም ጎን ለጎን ጽፈው አቆዩት። በዚያው መጽሐፍ ሂሌል የሚባሉ ሊቅ (ታላቁ ሂሌል አይደሉም) እስራኤል መሲሕ የላቸውም፤ በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን አልፎላቸዋል አሉ። ይህን ሁሉ ሲሉ ማንም አላወገዛቸውም፤ ረቢ ዮሴፍ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው አሉ፣ በቃ። የካደውም ቃል ከነስሙ ተጻፈ። በክህደት ስንትና ስንት ሰው በተቃጠለበት ዓለም ውስጥ ይህን ሳነብ ልቤ ይሞላል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልታገሡም፤ ቀን ቆጣሪውን ረግመዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የተቆጠረው ቀን አልፎ መሲሑ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሕዝቡ «እንግዲያው ጨርሶ አይመጣም» ይላል። ቀን ቆጣሪ የነገን ተስፋ አውጥቶ ዛሬ ይበላዋል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በየመን አንዱ ተነስቶ የመሲሑ ቀዳሚ ነኝ አለ። የአይሁድ ሊቁ ማይሞኒደስ በ1172 ለየመን አይሁድ በላኩት ደብዳቤ እንዳይሰሙት መከሯቸው። የሰውየውን መጨረሻ ኋላ በሌላ ደብዳቤ ጽፈውታል። የአገሩ ንጉሥ ይዞ ምልክትህ ምንድን ነው ሲለው፣ አንገቴን ቁረጠኝ፣ እነሣለሁ አለ። ቆረጡት። ከዚያ በኋላም ከመቃብር ይነሣል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ማይሞኒደስ በሕግ መጽሐፋቸውም ነገሩን ከተአምር አውጥተው በሥራ አሰሩት፤ ቤተ መቅደሱን ከሠራ፣ የተበተነውን ከሰበሰበ፣ እሱ ነው፤ ካልተሳካለት ወይም ከተገደለ፣ አይደለም። እሳቸው ራሳቸው መሲሑ እንደሚመጣ በፍጹም ልብ የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ማመንን ከሃይማኖቱ 13 መሠረቶች እንደ አንዱ ቆጥረውታል።

ከሁሉ በላይ ሆዴን የሚበላኝ ግን የ1666ቱ ነው። ሻብታይ ጽቪ የሰምርኔስ ሰው ነው፤ በ1665 የጋዛው ናታን የሚባል ወጣት «መሲሑ ይህ ነው» ብሎ አወጀለት። ወሬው ከየመን እስከ አምስተርዳም ደረሰ። ሃምቡርግ የምትኖር ግሊክል የምትባል ሴት፣ ነጋዴና የብዙ ልጆች እናት፣ ያንን ጊዜ ኋላ በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። አማቷ በሃምሊን ቤቱንና ንብረቱን ትቶ ወደ ሂልደስሃይም ሄደ። ለእነሱም ሁለት ትልልቅ በርሜል ላከላቸው፤ አንደኛው በፍታ የሞላበት፣ ሌላው አተር፣ ባቄላ፣ የደረቀ ሥጋ፣ የደረቀ ፕሪም፣ ለመንገድ የማይበላሽ ስንቅ ሁሉ። ሽማግሌው ከሃምቡርግ በመርከብ ተሳፍሮ ቅድስት አገር ሊገባ ነው። በርሜሎቹ ከዓመት በላይ ሳይከፈቱ ቆሙ። በመጨረሻ ሥጋው እንዳይሸት ሲሰጋ፣ ክፈቱና ምግቡን አውጡ ብሎ ላከባቸው።

ሽማግሌው ተላላ ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። አገሩ ሊገባ ስንቅ የቋጠረ ሰው ምን አጠፋ? አጥፊው ሌላ ነው። በመስከረም 1666 ሻብታይ ጽቪ በኤዲርኔ በሱልጣን መሐመድ አራተኛ ፊት ቀረበና ሃይማኖቱን ለወጠ። አዲስ ስም ተሰጠው፤ የቤተ መንግሥት በር ጠባቂነት ማዕረግና ደሞዝ ተቆረጠለት። ያወጀው ናታን እስከ ሞቱ ምክንያት ሲፈልግለት ኖረ። መሲሑ ደሞዝተኛ ሆነ፤ ሽማግሌው ቤቱን የጣለ። ያኔ አይሁዳዊው ዓለም በሆታ ላይ ሳለ፣ ረቢ ያዕቆብ ሳስፖርታስ የሚባሉ ሰው ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየጻፉ «ምልክቱን አሳዩኝ» ይሉ ነበር። ተጠልተውበታል። ሽማግሌው የእሳቸውን ደብዳቤ ቀድሞ አንብቦት ቢሆን በሃምሊን ቤቱ ባረጀ ነበር።

አሁን ተጠራጣሪው ብድግ ይላል፤ «ታዲያ ይህ ሁሉ ሐሰተኛ ካለፈ፣ ነገሩን ለምን ጨርሰው አይተዉትም?» የተዉም አሉ። በ1885 በፒትስበርግ የተሰበሰቡት የአሜሪካ የተሐድሶ ረቢዎች የዳዊትን ልጅ መጠበቁን ትተው የእውነትና የፍትሕ ዘመን መምጣቱን ያዙ። ሰውየውን ጣሉ፣ ሥራውን አስቀሩ። ኢየሩሳሌም ላይ ደግሞ ፈላስፋው የሻያሁ ሌይቦቪች፣ ሕጉን ሁሉ የሚጠብቁ አጥባቂ አይሁዳዊ ሆነው፣ የመጣ መሲሕ ሁሉ ሐሰተኛ ነው፤ እውነተኛው ሁልጊዜ የሚመጣው ነው ይሉ ነበር። ንግግራቸው ይጥማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በርሜል ያሰናዳውን ሽማግሌ «አንተ ብቻ ጠብቅ፤ መምጣት የለም» ማለት ነውና። ሰው የሚጠብቀው እንዲመጣለት ነው።

ክርክሩ በዘመናችንም አልበረደም። በሰኔ 1994 የሉባቪች ሐሲዲሞች መሪ ረቢ መናሔም መንደል ሽኒርሰን በኒውዮርክ አረፉ። ከተከታዮቻቸው አንዳንዶቹ መሲሑ እሳቸው ናቸው፣ ይመለሳሉ አሉ። የታሪክ ሊቁ ዴቪድ በርገር በቁጣ ተነሡ፤ እሳቸውም አጥባቂ አይሁዳዊ ረቢ ናቸው። መሲሑ ሥራውን ሳይጨርስ ሞቶ፣ ተመልሶ ይጨርሰዋል የሚለውን አባቶቻችን ለክርስቲያኖች ስንት መቶ ዓመት «አይሆንም» ሲሉ አልኖሩም ወይ? ዛሬ ለራሳችን ሰው ሲሆን ይሆናል? ነው ሙግታቸው። ጨከን ያለ ነው፤ ግን ለሁሉም አንድ መስፈሪያ ነው።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ አባ ማሕሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ባሕሩ ለሙሴ እንደተከፈለ ይከፈልልናል ብለው ነበር። ወደ ትግራይ ዘልቀው አክሱም አካባቢ ደረሱ። ባሕር ሳይደርሱ ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፈውም ተበተነ። አባ ማሕሪ ተሳስተዋል የሚል ሰው ይገጥመኛል። መንገዱን ተሳስተዋል እላለሁ፤ አገሩን አልተሳሳቱም። ደግሞም እንደ ሻብታይ አይደሉም፤ አብረው ሄደዋል፣ አብረው ተርበዋል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ፣ የእነዚያው ወገኖች እንደገና ተነሡ። አሁን ባሕር ይከፈላል ያለ የለም። ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ በመንገድና በመጠለያ ሺዎች አለቁ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ በዘመቻ ሙሴ እስራኤል ገቡ። ኢየሩሳሌም! በስግድ በዓላቸው ላይ ፊታቸውን ወደሷ አዙረው ሲለምኑ የኖሩባት። እዚያ ምን ጠበቃቸው? ዋናው የረቢዎች ቢሮ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራልና ለሥርዓቱ ውሃ ውስጥ ግቡ አላቸው። በ1985 ቢሮው ፊት ለፊት ወር ያህል ተቀምጠው «ስንሞትለት የኖርነውን አይሁድነት ማን ይሰጠናል?» አሉ። በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ተሰማ፤ ሺዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ በር ላይ ወጡ።

በዚያች አገር ብዙ ምኩራቦች ከ1948 ጀምሮ ለመንግሥቱ የሚደረስ ጸሎት አለ፤ የመንግሥቱ መቆም የቤዛነት ጅማሬ ነው ይላል። በዚህ ጸሎት ከልቡ «አሜን» የሚል ብዙ ቅን ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ለሚል ሁሉ ከጎንደር በእግሯ ወጥታ፣ ልጇን ሱዳን ቀብራ የደረሰች እናት መጠየቅ የሚገባት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ቤዛነቱ ከጀመረ፣ የተረፈልኝን ልጅ ደም ማን ደፋው?»