ትራክተር ከነጓዙ

በሬ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያይ ያውቃል። አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ይመለከታል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ እንዳያነክስ ዞር ዞር ያደርገዋል፤ ተዋጊ እንዳይሆን ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ዐይን ለዐይን ይተያያል። ልቡ ካልረጋ «እስቲ ጠምደህ አሳየኝ» ይላል። ይህን ሁሉ ከአባቱ የተማረው የጣናዋ የደቅ ደሴት ገበሬ ባሕር ዳር ተሻግሮ ያገለገለ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ፊት የቆመ ቀን ግን የሚዳብሰው ይጠፋዋል። ሻኛ የላትም፤ ጥርሷም ያለው ከበስተኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ገዥ አንድ ሰው አይደለም። በጣና ዙሪያ በሬ የተወደደበት፣ ልጆቹ ከተማ የገቡበት፣ ትልቅ ትራክተር ገብቶ መዞሪያ የማያገኝበት ቁራሽ መሬት የያዘ ገበሬ ሞልቷል። ዐይኑ የሚያርፈው በዚች ትንሽ ማሽን ላይ ነው። መቀመጫ የላትም፤ ነጂው ሁለቱን እጀታዎች ጨብጦ ከኋላዋ ይራመዳል። ነጋዴዎቹ «ዎኪንግ ትራክተር» የሚሏት ለዚሁ ነው። በብዛት የምትታየው የቻይና ሥሪቷ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አላት፤ ጉልበቷ 12 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ነው፤ ማርሿ ስድስት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ።

ባንግላዲሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የተፈጥሮ አደጋ የእርሻ ከብቱን ከፈጀ በኋላ መንግሥት ማሽኗ እንደ ልብ እንድትገባ ሕጉን አላላ፤ ዛሬ የዚያ አገር ማሳ በአብዛኛው የሚታረሰው በእርሷ ነው። ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከልም በአውስትራሊያ ገንዘብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ሞክሯታል። ገዥው ይህን ሁሉ ባያውቅም ቅር አይለውም። እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ነገ ጧት ትነሳ እንደሆነ ነው።

አሜሪካ ያለው ልጁ ሌላ ሐሳብ አለው። ሜሪላንድ ውስጥ የጎረቤት ግቢ ያያትን የጓሮ ትራክተር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ጆን ዲር የመጀመሪያዋን የጓሮ ትራክተር፣ ሞዴል 110ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ጉልበቷ 7 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወገኖቿ ተቀጽላቸው በዝቶ ሣር ያጭዳሉ፣ ቅጠል ይለቅማሉ፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ በረዶ ይጠርጋሉ። «አባዬ፣ ከነበረዶ መጥረጊያዋ በርካሽ አገኘሁልህ» ይላል ልጁ በድምፅ መልእክት። አባት ደጋግሞ ያዳምጥና ይመልሳል፦ «ልጄ፣ በረዶ እኛም ጋ ይጥላል። ዳጉሳውን መትቶት ከሄደ በኋላ የሚጠረግ ምን ይቀራል?»

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሕር ዳር ላይ በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ሥራ ጀመረ፤ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክነት ነበር። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የሜካናይዜሽን ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ ከተማ ነው። ከተማዋ ስለ ትራክተር የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም ማለት ነው። ገዥው ግን ከመናኸሪያው እንደወረደ መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላውን ነው።

«ምንም አይላትም፣ አባቴ! ሞተሯ ተፈቶ አያውቅም። ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ሆኖበት እንጂ መች ይሸጣት ነበር!»

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ለምን ውጭ እንደሚሄድ፣ ሄዶስ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። ማሽኗ ቀይ ቀለም ከላይ እስከ ታች ተቀብታለች፤ ቀለሙ ለጎማው ሳይቀር ተርፏል። ሞተሯም እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተጣደች ጀበና ይመስል ቀድማ ሞቃለች።

መካኒክ ይዞ የመጣ ገዥ እዚህ ላይ ይተርፋል። መካኒኩ ምንም ሳይናገር መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፍና «ሻይ እንጠጣ» ይላል። ሁለት ሻይ፣ አንዳንዴም አንድ ሽሮ ያህል ይቆያሉ። የሞቀ ሞተር ለማንም ይነሳል፤ ቁም ነገሩ በቀዝቃዛው ነው። ሲመለሱ የእጅ ማስነሻውን ብረት ይሰካና አየር ማስተንፈሻዋን ሳይነካ ቀስ አድርጎ ያዞራታል። እጁን መልሳ የምትገፋው ከሆነ ትንፋሿ ደኅና ነው፤ ያለ ክርክር የምትዞርለት ከሆነ ፋሻዋ አልቋል። ከዚያ በግራ እጁ ማስተንፈሻዋን ይዞ በቀኙ ያፈጥናታል፤ ፍጥነት ስታገኝ ግራውን ይለቃል። አውራ ጣቱን ከአራቱ ጣቶቹ ጋር በአንድ ወገን ማድረጉን ልብ ያለ ሰው ሙያውን ያውቅለታል፤ ብረቱን እንደ አካፋ እጀታ አቅፎ የጨበጠ ሰው ሞተሯ መልሳ የረገጠች እንደሆነ ወጌሻ ቤት ነው የሚያድረው።

ከተነሳች በኋላ የሚታየው ጭሱ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በወጉ አይነድም፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየጠጣች ነው፤ ነጩ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ሌላ ጣጣ አለ። ደላላው ለሦስቱም ቀለም አንድ መልስ አለው፦ «ናፍጣው ነው፣ አባቴ። የዘንድሮ ናፍጣ!» የብዙዎቹ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ውኃው አናቷ ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ እየፈላ ይተናል፤ መጠኑንም ቀይ ጫፍ ያላት ተንሳፋፊ ዘንግ ወጣ ገባ እያለች ትናገራለች። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታው ታሟል። የታመመ ቴስታታ ፊት ዋጋ ለመቀነስ ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ጣትን ነክሮ ለሻጩ ማሳየት ይበቃል።

ትልቁ ክርክር ግን ስለ ጓዟ ነው። «ከነሙሉ ተቀጽላዋ» ይባላል፤ ከግቢው ጥግ የሚከመረው ብረት ግን ሲቆጠር ሌላ ይናገራል። አፈር የሚፈልሰው ሮታቫተር አለ፤ ጥርሱ ተሸራርፏል፣ ግማሹም የለም። ማረሻው አለ፤ ከማሽኗ የሚያያይዘው ብሎን ጠፍቷል። መዝሪያው የሌላ ትራክተር ነው። የበቆሎ መፈልፈያው ቺንጋ የለውም፤ ቺንጋው «ይገዛል»። የውኃ ፓምፑ «ለጊዜው ሰው ጋ ነው»። በሬም ተቀጽላ አለው፦ ቀንበር፣ ሞፈር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን። ልዩነቱ ድግሩ ቢሰበር ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ከሰዓት እርሻው ይመለሳል፤ የሮታቫተር ጥርስ ግን ከዛፍ አይጠረብም። አንድ መጽናኛ አለ፤ የቻይናው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ውኃ ለመሳብም እህል ለመፍጨትም ስለሚያገለግል የሞተሩ መለዋወጫ ከተቀጽላው ይልቅ ይገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዥዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ሰው ይህችን ማሽን የሚገዛት ለማረስ ነው፤ ገንዘቧን የምትመልሰው ግን በሌላ ነው። ማረስ የወቅት ሥራ ነው፤ ገመሳው፣ አይማው፣ ስልሱ ካለቀ ማረሻው ጎተራ ሥር ይገባል። በዚያ ላይ የግንቦት ደረቅ መሬት ላይ ሮታቫተሩ እየነጠረ የነጂውን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ረግረጉ ይሻላታል፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ባላመዱበት በፎገራ ሜዳ ዓይነት ጭቃ ላይ የብረት ጎማ ገጥማ ብትገባ ቤቷ ነው። ተጎታቹ ግን ወቅት አያውቅም። እህል፣ ማዳበሪያ፣ ድንጋይ፣ ጌሾ፣ ነፍሰ ጡር ሳይቀር ይጭናል። እነሲሚት ባካሄዱት ሙከራም ነጂዎቹን በኪራይ ያኖራቸው ማረስ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዝ፣ መፈልፈልና መውቃት ነው። ስለዚህ ብልህ ገዥ መጀመሪያ ከተጎታቹ ሥር ይተኛል፤ ብየዳውን፣ ፍሬኑን፣ ኩሽኔታውን ያያል፤ ትራክተሯን ቀጥሎ ይደርስባታል።

ቤት ያለችው ባለቤቱ ጥያቄዋ ሌላ ነው። በሬ ከማሳ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም፤ እበቱ አውድማ ይለቀለቅበታል፣ ጎተራ ይመረግበታል፣ ደርቆ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋገርበታል። ሲያረጅ ደግሞ ለፋሲካ ቅርጫ ይገባል፤ ቆዳው እንኳ አይጣልም። «ይቺ ስታረጅ ለማን ትደርሳለች?» ትላለች። ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ባለበት አገር ይህን ጥያቄ የምትጠይቀው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ በየምርምር ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎችም ሲያሰሉት ይውላሉ። ባልዬው የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፦ ሥራ በሌላት ወር ገለባ አትበላም።

ወረቀቱ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። ደላላው ይህን እንደ ቡራኬ ይጠቅሰዋል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ግን ይውጠዋል፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ተከፍሎ ነው። ስለዚህ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን «ነገ አመጣለሁ» ያለ ሻጭ ነገ እስኪያመጣ ድረስ ቀብድ አይሰጠውም። ውሉ ላይ ተቀጽላዎቹ በስም ይጻፋሉ፤ «ከነዕቃዋ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ውል ምስክሮቹን ለዓመታት ያከራክር ይሆናል እንጂ ፓምፑን አያመጣም።

ከዚያ ናፍጣ። ማደያው ያለው ባሕር ዳር፣ ትራክተሯ የምትሠራው ደሴት ላይ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ነው፤ በጀሪካን መቅዳት ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። የክልሉ ሰላም ከደፈረሰ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን ስላለ፣ ገበሬው ደብዳቤ፣ ናፍጣና ጀልባ በአንድ ቀን የገጠሙለት እንደሆነ በዓል ነው።

ጭነቱ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ሞተሯ ብቻ ከአንድ ኩንታል በላይ ይመዝናል። ደንገል ታንኳ ማገዶና ማንጎ ለዘመናት ሲያመላልስ ኖሯል፤ ይህን ግን እንዲችል የሚጠብቅበት የለም። ስለዚህ ጎማ ይፈታል፣ እጀታ ይፈታል፣ ብሎኑ በፌስታል ይቋጠራል፤ ወደቡ ላይ ያለው ሁሉ «እንዲህ ያዘው!» ባይ አለቃ ይሆናል። በቅርቡ ጣናነሽ ፪ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነስታ በተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ በየከተማው ሕዝብ እልል እያለ ተቀብሏታል። መርከብ በአስፋልት ሲሄድ ያየ ሰው ትራክተር በውኃ ሲሄድ ሊደነቅ አይገባውም። በመንገድ ላይ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይታያል። በዘጌ በአባ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሳ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው፤ ሕዝቡ በቡናውና በጌሾው ይኖራል። ካሉት ተሳፋሪዎች አንዱ «እዚህ ጥሏት ቢሄድ ቡና ትለቅም ነበር» ይላል፤ ባለትራክተሩ አይስቅም፤ ዐይኑ ያለው ብሎኑ የተቋጠረበት ፌስታል ላይ ነው።

ደቅ ከጎረቤቷ ከሾጣጣዋ ዳጋ ጋር ሲተያዩ ሜዳ ናት፤ ለማሽኗ ይህ በጎ ነው። ዎኪንግ ትራክተር መሪ የላትም፤ በግራ እጀታ ያለውን ቁልፍ ሲጨብጡ የግራው ጎማ ጉልበት ያጣል፤ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ጭነት ይዛ ቁልቁል ስትወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተጎታቹ ሲገፋት የተፈታው ጎማ ይሮጣል፤ ግራውን የጨበጠ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን ያልነገሩት ነጂ ወደ ወደቡ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያርፈው የሰው ጌሾ ውስጥ ነው። ካሳውን ሽማግሌ ይቆርጣል።

እንዲህም ሆኖ ማሽኗ ገና ብሎኗ ሳይጠብቅ ደጁ በሰው ይሞላል። አንዱ ለጥር ሙሽራ ማምጫ ተጎታቹን ይይዛል፤ ሌላው ለበቆሎው መፈልፈያውን ይጠይቃል፤ ለማረስ የመጣ እስካሁን የለም። ባለትራክተሩ የኪራዩን ዋጋ ሊናገር አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ጠያቂ ይቀድመዋል፦ «ዘመድ አይደለን እንዴ! እኔ ናፍጣውን እችላለሁ።» ቀጥሎ የቆመውም ዘመድ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለችው የክርስትና እናት ናት፤ ናፍጣውንም የምትችለው ግማሹን ነው።